የኬክ መጽሐፍ ቤት ውስጥ እንዴት ይፈተናል? ለደጋ ኩሽና የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

የኬክ መጽሐፍ መግዛት ቀላል ነው። ሽፋኑ ላይ የሚንጠባጠብ ቸኮሌት ታያላችሁ፣ እጃችሁ ወደ ቦርሳ ይገባል፣ አለቀ። ጣጣው የሚመጣው ቤት ገብታችሁ ያን ሁሉ ቅቤና እንቁላል ካፈሰሳችሁበት በኋላ ነው። ኬኩ ኦቭን ውስጥ ቆንጆ ሆኖ ይነሳና ሊወጣ ሲል መሃሉ ስምጥ ይላል። ጥፋቱ የማን ነው? የመጽሐፉ? የእጃችሁ? የኦቭኑ? የከተማው ከፍታ? አብዛኛው ሰው ይህን ሳይለይ ወይ "እኔ ለኬክ አልተፈጠርኩም" ይላል፣ ወይ መጽሐፉን "ውሸታም" ብሎ መደርደሪያ ላይ ይወረውረዋል።

ሁለቱም የችኮላ ፍርድ ናቸው፤ በተለይ እኛ ጋ። እጃችን የሚገቡት የጣፋጭ መጻሕፍት አብዛኞቹ የተሞከሩት ለንደን፣ ኒውዮርክ፣ ፓሪስ፣ ሲድኒ በመሳሰሉ ባሕር አጠገብ ወይም ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ባሉ ከተሞች ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። ስለዚህ መጽሐፉን ከመክሰሳችን በፊት ተራራውንና ኦቭኑን ከክሱ ማስወጣት አለብን። እነሱ ከወጡ በኋላ የሚቀረው ጥፋት የመጽሐፉ ነው። እንዴት እንደሚወጡ ደረጃ በደረጃ እንሂድ።

1. ዱቄት ሳትነኩ መጽሐፉን አንብቡት

ቁጭ ብላችሁ፣ እስክሪብቶ ይዛችሁ፣ ሁለት ሦስት ሬሲፒ ከላይ እስከ ታች አንብቡ። ፎቶውን ለጊዜው እርሱት። ጥሩ ፎቶ የጥሩ ፎቶ አንሺ ማስረጃ ነው፣ ሌላ ምንም አይነግራችሁም።

መጀመሪያ የምታዩት በግራም ተጽፏል ወይስ በኩባያ የሚለውን ነው። አንድ ኩባያ ዱቄት እንደ አሞላላችሁ ከ120 እስከ 150 ግራም ሊመዝን ይችላል። በማንኪያ ቀስ እያደረጋችሁ ከሞላችሁት ይቀላል፣ ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ነክራችሁ ካወጣችሁት ይከብዳል። ሦስት ኩባያ በሚል ሬሲፒ ላይ ልዩነቱ እስከ 90 ግራም ይደርሳል፤ ያ ለስላሳ ኬክን ወደ ደረቅ ዳቦ ለመለወጥ ይበቃል። ግራም የሌለው መጽሐፍ የግድ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ ግን ቢያንስ መግቢያው ላይ "የኔ አንድ ኩባያ ዱቄት ይህን ያህል ግራም ነው፣ የምሞላውም እንዲህ ነው" ማለት አለበት። ይህንንም ካላለ እኔ በበኩሌ አንድ ነጥብ እቀንስበታለሁ።

ኩባያውም ራሱ እንደ አገሩ ይለያያል። የአሜሪካው ወደ 240 ሚሊ ሊትር ነው፣ የአውስትራሊያው 250። የሾርባ ማንኪያ በአሜሪካና በእንግሊዝ መጽሐፍ 15 ሚሊ ሊትር ሲሆን በአውስትራሊያ 20 ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር በሚል ሬሲፒ ላይ ይህች 5 ሚሊ ሊትር አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ ናት፤ ኬክ ለማበላሸት ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ የት አገር እንደታተመ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ እዩ። አሜሪካኖች "አንድ ስቲክ ቅቤ" ካሉ 113 ግራም ማለታቸው ነው።

ቀጥሎ ጨው። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የአሜሪካ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ኮሸር ጨው የሚሉት ቅንጣቱ ትልልቅ የሆነ ጨው አለ። አንዳንዱ ዓይነት በጣም ቀላል ስለሆነ አንድ የሻይ ማንኪያው 3 ግራም አካባቢ ነው የሚመዝነው። የኛ ደቃቅ የገበታ ጨው አንድ የሻይ ማንኪያ ግን ወደ 6 ግራም ይመዝናል። ማንኪያ በማንኪያ ከተካችሁት ኩኪሱ ጨው በጨው ይሆናል፣ እናንተም መጽሐፉን ትረግማላችሁ። መጽሐፉ የጨውን ዓይነት ወይም ግራሙን ከጻፈ ደራሲው ስለ አንባቢው አስቧል ማለት ነው።

ከዚያ ዝርዝሩንና አሠራሩን አስተያዩ። ዝርዝሩ ላይ ያለው ዕቃ በሙሉ አሠራሩ ውስጥ ይገባል? ግማሽ ስኳር አሁን፣ ግማሽ በኋላ ከተባለ ሁለተኛው ግማሽ የት እንደሚገባ ተነግሯል? የመጋገሪያው ስፋት ተጽፏል? 20 ሳንቲ ሜትር ክብ መጋገሪያና 23 ሳንቲ ሜትሩ የሚቀራረቡ ይመስላሉ፣ ግን ትልቁ በስፋት ከ30 በመቶ በላይ ይበልጣል፤ አንዱ ላይ ወፍራም የሚሆን ኬክ ሌላው ላይ ቂጣ ይሆናል። የኦቭኑ ሙቀት በማራገቢያ ነው ወይስ ያለ ማራገቢያ? በማራገቢያ ሲሆን ብዙውን ጊዜ 20 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል፤ መጽሐፉ የትኛውን እንደሚል ዝም ካለ ገና ከመጀመራችሁ በግምት ልትሠሩ ነው።

የሚያነሳውን ነገር መጠንም እዩ። በተለምዶ ለ120 ግራም ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ቤኪንግ ፓውደር ይበቃል፤ ቤኪንግ ሶዳ ከሆነ ደግሞ ሩብ የሻይ ማንኪያ ገደማ። ሶዳ ብቻ ከተባለ አብሮት ጎምዛዛ ነገር መኖር አለበት፦ እርጎ፣ አሬራ፣ ሎሚ፣ የመሳሰለው። ለ200 ግራም ዱቄት አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶዳ የሚል መጽሐፍ ካጋጠማችሁ ያ የትየባ ስህተት ነው፣ ሳሙና ሳሙና የሚል ኬክ ለመብላት ካልፈለጋችሁ በስተቀር አትሞክሩት። በስልክ ወይም በታብሌት የምታነቡት ከሆነ ክፍልፋዮቹን ተጠንቀቁ። "1 1/2" የነበረው ተጣብቆ "11/2" ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ።

በመጨረሻ እኔ ከሁሉም በላይ የማየው አንድ ነገር፦ መጽሐፉ ደቂቃ ብቻ ነው የሚሰጠው ወይስ ምልክትም? "35 ደቂቃ ጋግሩ" የሚል መጽሐፍ የራሱን ኦቭን ነው የሚያውቀው። "ከ30 እስከ 35 ደቂቃ፣ ጠርዙ ከመጋገሪያው ትንሽ ሲላቀቅ፣ መሃሉን በጣት ጫን ስትሉት ሲመለስ፣ ስቴኪኒ ሲሰኩበት እርጥብ ሊጥ ሳይይዝ ሲወጣ" የሚለው ግን እናንተም ቤት እንዲሠራ ታስቦበት የተጻፈ ነው።

2. ኩሽናችሁን አስተካክሉ

መጽሐፍ የሚፈትን ሰው መጀመሪያ የራሱን ዕቃ ይፈትናል። የዲጂታል ሚዛን ከሌላችሁ ግዙ፣ ለኬክ ከሚክሰር ይቀድማል። ልክ መሆኑን ለማየት 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ብትመዝኑበት 100 ግራም አካባቢ ማሳየት አለበት።

ኦቭን ዋነኛው ተጠርጣሪ ነው። ቁልፉ ላይ 180 ተጽፎ ውስጡ 160 ወይም 210 ቢሆን አትደነቁ። የኦቭን ቴርሞሜትር ካገኛችሁ ጥሩ፣ ካጣችሁ ደግሞ የስኳር ሙከራ አለ። ፎይል ላይ አንድ ማንኪያ ነጭ ስኳር በትኑና በደንብ የሞቀ ኦቭን ውስጥ 15 ደቂቃ አቆዩት። ነጭ ስኳር የሚቀልጠው 186 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኦቭኑ 175 ላይ ተደርጎ ስኳሩ ከቀለጠ ኦቭናችሁ ይበልጥ ይሞቃል፣ 190 ላይ ተደርጎ ካልቀለጠ ደግሞ ሰነፍ ነው። በግርድፉም ቢሆን በየት በኩል እንደሚያጋድል ታውቃላችሁ። ኤሌክትሪክ ኦቭን የምትጠቀሙ ከሆነ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ያ ሙከራ ተሰርዟል፤ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ለመጽሐፉም በመጽሐፉም ላይ አይመሰክርም።

እንቁላል መዝኑ። የአሜሪካ መጽሐፍ "ትልቅ እንቁላል" ሲል ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም ገደማ ማለቱ ነው። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከዚያ በጣም ያንሳል። ሦስት እንቁላል ከተባለ ሰብራችሁ፣ መትታችሁ፣ 150 ግራም መዝናችሁ ጨምሩ፤ አራትም ይሁን አምስት እንቁላል ይፍጀው።

ዱቄቱ ፉርኖ ዱቄት ይሁን፣ ነፍቶ መጠቀም ደግሞ ልማድ ይሁን። ቅቤ ላይ ግን ጠንከር ልበል። መጽሐፉ ቅቤ ሲል ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ ማለቱ ነው፤ ከመቶው ቢያንስ 80ው ስብ የሆነ። ከገበያ የሚገዛው ለጋ ቅቤ ውሃውም አሬራውም እንደ አናጡ ይለያያል፣ የተነጠረው ደግሞ ኮሰረቱና ኮረሪማው ስላለ ለቫኒላ ኬክ አይሆንም (ለብስኩት አንድ ቀን ሞክሩት፣ ያ ግን ሌላ ወግ ነው)። ማርጋሪን ከተጠቀማችሁ ጀርባው ላይ ያለውን የስብ መጠን አንብቡና ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉት። መጽሐፉ ቅቤ ብሎ እናንተ በማርጋሪን ሠርታችሁ "ጣዕሙ ደበዘዘብኝ" ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

3. ተራራውን ከሒሳቡ አውጡ

ከፍ ባለ ቦታ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። ስለዚህ ሊጥ ውስጥ ያለው ጋዝ በቀላሉ ይለጠጣል፣ ኬኩ ቶሎ ይነሳል፣ ግን ግድግዳው ገና ሳይጠነክር ስለተነሳ ተመልሶ ይወድቃል። ውሃ አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እርጥበትም ቶሎ ይተናል፣ ስኳሩም ውሃው ሲቀንስበት ይከማቻል። መሃሉ የሰመጠ፣ ጠርዙ የደረቀ፣ ላዩ የሚያጣብቅ ኬክ ካያችሁ መጽሐፉን ከመውቀሳችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ለ2,300 ሜትር ገደማ መነሻ የሚሆነው ማስተካከያ ይህ ነው። ለእያንዳንዱ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ሩቡን ቀንሱ። ለእያንዳንዱ 200 ግራም ስኳር ከ15 እስከ 35 ግራም ቀንሱ። ለእያንዳንዱ ኩባያ ፈሳሽ ከ3 እስከ 4 የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ። የኦቭኑን ሙቀት ከ8 እስከ 14 ዲግሪ ከፍ አድርጉና ሰዓቱ ሳይደርስ ማየት ጀምሩ፤ 30 ደቂቃ የተባለው 23 ወይም 25 ላይ ሊደርስ ይችላል። በተመታ የእንቁላል ነጭ ብቻ የሚነሳ ኬክ ከሆነ ደግሞ ነጩን ድርቅ እስኪል አትምቱት፣ መምቻውን ስታነሱት ጫፉ ጎንበስ ሲል አቁሙ። አየሩ ራሱ ቀሪውን ይነፋዋል።

ሐዋሳ (1,700 ሜትር ገደማ) ያላችሁ ከዚህ ቀለል አድርጉ፤ ድሬዳዋ (1,200 ገደማ) ብዙም አትጨነቁ፤ ደብረ ብርሃን (2,800 ገደማ) ደግሞ ጠበቅ አድርጉ። ዴንቨር ያላችሁ ወገኖች 1,609 ሜትር ላይ ስለሆናችሁ ነገሩ ይመለከታችኋል፤ ጥቅሙ የኮሎራዶ ሰው ስለ ከፍታ ኬክ ብዙ የጻፈ መሆኑ ነው። ዱባይና ጅዳ ያላችሁ ይህን ክፍል ዝለሉት፣ የናንተ ፈተና "የክፍል ሙቀት ላይ ያለ ቅቤ" የሚለው ነው። ደራሲው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ አስቦ ነው የጻፈው፤ የናንተ ኩሽና ውስጥ ቅቤው ዘይት ይሆናል። እዚህ አዲስ አበባ በክረምት ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ጠዋት ያወጣችሁት ቅቤ ከሰዓትም ድንጋይ ነው።

ሽሮፕና ከረሜላ ላይ ቴርሞሜትር የምትጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ የፈላ ውሃ ውስጥ ክተቱት። 92 ካሳየ ልዩነቱ 8 ነው፤ መጽሐፉ ሽሮፑን 115 ላይ አውርዱ ካለ እናንተ 107 ላይ ታወርዳላችሁ። ስኳሩን እስኪጠቁር የምታነድዱት ካራሜል ግን ውሃው አልቆ ስለሆነ ይህ ሒሳብ አይገባውም፣ እሱን በቀለሙና በሽታው ፍረዱ። በበቆሎ ስታርች የሚወፍር ክሬም ደግሞ ወተቱ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ከተባለው አንድ ሁለት ደቂቃ በላይ እያማሰላችሁ ማቆየት ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ያደረጋችሁትን ማስተካከያ በሙሉ፣ በቁጥር፣ ጻፉት። ያልተጻፈ ማስተካከያ በኋላ ላይ "መጽሐፉ እንዲህ ነበር ያለው" ወደሚል ክርክር ይለወጣል።

4. የትኞቹን ሬሲፒዎች እንሥራ?

ሁሉንም መሥራት አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ምርጫው ግን ብልሃት አለው።

መጀመሪያ ከፍታ ብዙም የማይነካውን ምረጡ። የቅቤ ብስኩት፣ ፓና ኮታ (በጀላቲን የሚረጋ የክሬም ጣፋጭ)፣ በቸኮሌትና በክሬም የሚሠራ ጋናሽ፣ የታርት ሊጥ። እነዚህ ላይ ተራራውን ማማካኘት አይቻልም፤ ሬሲፒው ልክ ከሆነ ልክ ይወጣል። በተለይ የቅቤ ብስኩት ደግ ምስክር ነው። ጥንታዊው ልኬት በሚዛን አንድ እጅ ስኳር፣ ሁለት እጅ ቅቤ፣ ሦስት እጅ ዱቄት ነው። መጽሐፉ ከዚህ ብዙ ከራቀ ለምን እንደራቀ መናገር አለበት፤ ካልተናገረ ደግሞ ቀምሳችሁ እዩት፣ አንዳንዴ ደራሲው ትክክል ሆኖ ይገኛል።

ቀጥሎ ሽፋኑ ላይ ያለውን ሥሩ። ይህ የክብር ጉዳይ ነው። መጽሐፉን ያሻሻጠው እሱ ስለሆነ እሱን እንኳ ካላሳካ ሌላው ጉድ ነው።

ሦስተኛ፣ ከመጽሐፉ መሃል ፎቶ የሌለው አንድ ሬሲፒ። ደራሲም አሳታሚም ብዙ ልፋት የሚያፈሱት ፎቶ ባለው ላይ ነው፤ ጥንቃቄያቸው እስከ ምን ድረስ እንደዘለቀ የሚታየው ማንም የማያየው ገጽ ላይ ነው። ከቻላችሁ ደግሞ እጃችሁ የማያውቀውን አንድ ሥራ ጨምሩ፦ ሚልፎኝ ሊጥ፣ ኤክሌር፣ ሜሬንጌ (በስኳር የተመታ የእንቁላል ነጭ)። የምታውቁትን ነገር ስትሠሩ የመጽሐፉን ክፍተት ሳታስቡት በልምድ ትሞሉታላችሁ። የማታውቁት ላይ ግን መጽሐፉ ብቻውን ነው የሚመራችሁ፣ መምራት ይችል እንደሆነም ያን ጊዜ ይታወቃል።

ቀኑንም ምረጡ። በእንቁላልና በቅቤ የተሞላ ኬክ ረቡዕ ወይም ዓርብ ጋግራችሁ ማን ሊቀምስላችሁ ነው? ሁዳዴ 55 ቀን ስለሆነ ያን ጊዜ የመጽሐፉን የጾም ክፍል መፈተን ይሻላል፣ ካለው። "ቬጂቴሪያን" የሚለው ወተትና እንቁላል ሊኖረው ስለሚችል አትሸወዱ፣ የምትፈልጉት "ቪጋን" የሚለውን ነው። ከነዚህ መጻሕፍት አንዳንዶቹ የሽምብራ መቀቀያ ውሃን እንደ እንቁላል ነጭ መትተው ይጠቀማሉ፤ የምር ይመታል፣ አረፋ ይሠራል፣ ዕቃውም እኛ ቤት የሚደፋ ነው። የጾም ኬክን ከዘይትና ከሶዳ ሽታ ያላቀቀ መጽሐፍ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

5. የመጋገሪያው ቀን

ደንቡ አንድ ነው፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሠሩ ከከፍታ ማስተካከያው በስተቀር ምንም አትለውጡ። "ስኳሩ በዝቷል ልቀንሰው"፣ "ክሬሙ ስለሌለ በወተት ልተካው"፣ "ቅርንፉድ ጣል ላድርግበት" የለም። ካልተስማማችሁ ማስታወሻ ላይ ጻፉና ለሁለተኛው ዙር አቆዩት።

ሁሉንም ዕቃ መዝናችሁ ደርድሩ። ከዚያ ሰዓት ያዙ። መጽሐፉ "20 ደቂቃ ዝግጅት" ካለ እውነት 20 ነው? እንቁላል መለየቱ፣ ቸኮሌት መክተፉ፣ ወረቀት ቆርጦ ማንጠፉ ተቆጥሯል? ስንት ሳህን አቆሸሸ? የቤት ሠራተኛም ዕቃ ማጠቢያ ማሽንም ለሌለው ሰው ይህ ቀልድ አይደለም።

እየሠራችሁ ቆም ብላችሁ "ምን ማለቱ ነው?" ያላችሁበትን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጉ። ከሁሉ በላይ ዋጋ ያለው ማስታወሻ ይህ ነው። አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። "ቅቤና ስኳሩን እስኪለሰልስ ምቱ" የሚል መጽሐፍ አለ። እስከ መቼ? ለጀማሪ ቅቤው ከስኳሩ ጋር እንደተዋሐደ ለስልሷል። ግን ገና ነው። ቅቤው መጀመሪያ ቢጫ ነው፣ ስኳሩ ሳህኑን ሲፍቀው ይሰማል። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ድምፁ ይለዝባል፣ ቀለሙ መንጣት ይጀምራል። ዳር ዳሩን በማንኪያ ሰብስባችሁ ስትቀጥሉ ወደ ነጭነት ይጠጋል፣ መጠኑ ይጨምራል፣ መምቻው የሄደበት መስመር ሳይደፈን ይቆያል። ያን ጊዜ ነው የደረሰው። ኬኩን ለማንሳት የሚረዳው አየር የሚገባው እዚህች ላይ ነው። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር የነገረ መጽሐፍና በአንድ ቃል ያለፈው መጽሐፍ ኦቭን ውስጥ እኩል አይወጡም፣ ምንም እንኳ ግራሙ አንድ ዓይነት ቢሆን።

ከኦቭን እንደወጣ ቁመቱን፣ ቀለሙን፣ ጠርዙን እዩ። ፎቶ አንሱት፣ በስልክ፣ ያለ ማሳመሪያ። ሲበርድ ቆርጣችሁ ውስጡን እዩ፦ ቀዳዳዎቹ ደቃቅና እኩል ናቸው ወይስ ታች ጠርቅሞ ላይ ላዩን ነው የተነፋው?

6. ቀማሾች፣ ወይም እውነት የማይናገሩ ዘመዶች

እዚህ ላይ የኛ ባህል ፈተና ነው። እንግዳ ቤት መጥቶ ኬክ ቀርቦለት "አልጣመኝም" የሚል ሰው የለም። "እጅሽ ይባረክ"፣ "ኬክ ቤት ክፈቺ እንጂ"፣ "ይኸው ደግሜ ልብላ" ነው የሚባለው። ቆንጆ ነው፣ ለመጽሐፍ ግምገማ ግን አይጠቅምም።

ስለዚህ አፋቸውን ትታችሁ ሳህናቸውን እዩ። ኬኩን በልተው ክሬሙን በሹካ ወደ ዳር የገፉ ከሆነ ክሬሙ በዝቷል ወይም ጣፍጧል። ቡና ሳይፈላ ውሃ የጠየቁ ከሆነ ኬኩ ደርቋል። አንድ ቁራሽ ደርባችሁ ስታቀርቡ "ኧረ በቃኝ፣ ቁርስ በልቼ ነው የመጣሁት" ከተባለ መልሱን አግኝታችኋል። ጥያቄም ስትጠይቁ "ጣመህ?" አትበሉ፣ መልሱ የታወቀ ነው። "አንድ ነገር ልቀንስበት ብል ምን ልቀንስ?" በሉ። ይህ ጥያቄ ሰውን ከይሉኝታ ነፃ ያወጣዋል፣ ምክር እየሰጠ እንጂ እየነቀፈ አይመስለውም። ልጆች ካሉ ደግሞ እነሱን ጠይቁ፣ ርኅራኄ የላቸውም።

ሁለት መጽሐፍ ስታወዳድሩ አንድ ዓይነት ነገር፣ ለምሳሌ የቸኮሌት ኬክ፣ ከሁለቱም ሠርታችሁ የትኛው የማን እንደሆነ ሳትናገሩ አቅርቡ። ቁራሽ አስቀርታችሁ በማግስቱም ቅመሱ። የቅቤ ኬክ በማግስቱ ሊደርቅ ይችላል፣ በዘይት የተሠራ ብዙ ጊዜ ለስላሳነቱን ይጠብቃል፣ ዝንጅብልና ቅመም ያለበት ደግሞ አድሮ ነው የሚጥመው። "ሁለት ቀን ይቆያል" ብሎ የጻፈ መጽሐፍ ቃሉን መጠበቅ አለበት።

ጣፋጭነትን በተመለከተ ደግሞ የራሴን አድልዎ ልናገር። የአሜሪካ መጻሕፍት ለኔ ምላስ ይጣፍጣሉ። ለከፍታ ተብሎ ስኳሩ ተቀንሶም ብዙዎቹ አሁንም ይበዛባቸዋል። ይህ ግን የጣዕም ጉዳይ እንጂ ስህተት አይደለም፣ ግምገማ ስትጽፉ ሁለቱን ለዩ።

7. የከሸፈውን ድገሙት

አንድ ጊዜ ከሽፎ መጽሐፍ አይፈረድበትም። ድገሙት፣ ግን አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ከሰመጠ ቤኪንግ ፓውደሩን አሁንም ትንሽ ቀንሱ፣ ሌላውን አትንኩ። ከደረቀ ፈሳሹን ብቻ ጨምሩ። ሁለት ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ከለወጣችሁ ቢስተካከልም በምን እንደተስተካከለ አታውቁም።

ሁለተኛውም ከከሸፈ በኢንተርኔት የዚያን መጽሐፍ ማረሚያ ፈልጉ። አንዳንድ ደራሲዎችና አሳታሚዎች የተገኙ ስህተቶችን ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። የእንግሊዝ መጽሐፍ ለአሜሪካ ገበያ ሲዘጋጅ ወይም በተቃራኒው፣ ግራም ወደ ኩባያ ሲለወጥ ስህተት መግባቱ የተለመደ ነው። በአንድ ሬሲፒ ውስጥ አንድ ኩባያ ዱቄት 120 ግራም፣ ሌላው ጋ 150 ከሆነ ልወጣውን የሠራው ሰው ተኝቶበታል።

በአማርኛ የተጻፉትንም በዚሁ ዓይን እዩ። "በቡና ሲኒ"፣ "በሻይ ብርጭቆ"፣ "በጣሳ" የሚሉት ልኬቶች እናቶቻችን ቤት ሠርተዋል፣ ምክንያቱም ሲኒዋም ጣሳዋም አንድ ነበረች። መጽሐፍ ውስጥ ሲገቡ ግን የማን ሲኒ እንደሆነች መታወቅ አለበት። የራሳችሁን ሲኒ በውሃ ሞልታችሁ መዝኑና የመጽሐፉ ገጽ ላይ ጻፉት፤ ሬሲፒው ሲሳካላችሁ ያ ቁጥር የናንተ ልኬት ይሆናል። "ዱቄት በበቂ ሁኔታ" የሚለው ግን ለድፎ ዳቦ ያስኬድ ይሆናል፣ እጅ ያውቀዋል። ለስፖንጅ ኬክ አያስኬድም።

8. ፍርዱ

እኔ ከ10 ስንት ብሎ ነጥብ መስጠት አይዋጥልኝም። መጽሐፉ ጫፍ ላይ ሦስት መልስ መጻፍ ይበቃል። ኦቭን ነክቶ ለማያውቅ ሰው ይህን መጽሐፍ እሰጠዋለሁ? ከሬሲፒዎቹ ስንቶቹን እዚህ ከሚገኝ ዕቃ መሥራት ይቻላል (ማውጫውን ይዛችሁ ቁጠሩ፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም)? የሠራሁት ነገር ሳይሳካ ሲቀር መጽሐፉ ለምን እንደሆነ እንድገምት የረዳኝ ነገር ነበረው?

ሦስተኛው ላይ እኔ ጨካኝ ነኝ። ሁሉም ሬሲፒ የተሳካለት ግን ምክንያት የማይናገር መጽሐፍና፣ አንዱ የከሸፈበት ግን "ስኳር እርጥበት ይይዛል፣ ከቀነሳችሁ ኬኩ ይደርቃል" እያለ የሚያስረዳ መጽሐፍ ቢቀርቡልኝ ሁለተኛውን እገዛለሁ። ለባሕር ጠለል የተጻፈ ሬሲፒ ወደ እንጦጦ ግርጌ ሲመጣ የሚያስፈልገው ያ ማብራሪያ ነውና።

ግምገማውን ለሌላ ሰው ስታካፍሉ ከተማችሁን፣ የኦቭናችሁን ዓይነት፣ የተጠቀማችሁትን ዱቄትና ቅቤ፣ ለከፍታ የለወጣችሁትን ቁጥር ሁሉ ጻፉ። "አሪፍ መጽሐፍ ነው" ወይም "ገንዘቤን በላኝ" የሚለው ለማንም አይጠቅምም። "መጽሐፉ ላይ ያለው የሎሚ ኬክ አዲስ አበባ፣ በኤሌክትሪክ ኦቭን፣ ቤኪንግ ፓውደሩ ሩብ ተቀንሶ፣ ስኳሩ በ25 ግራም ቀንሶ ተሳክቷል" የሚለው ግን ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ያለች አንዲትን ሴት አንድ ትሪ እንቁላል ያተርፍላታል። የትየባ ስህተት መሆኑን ካረጋገጣችሁ ደግሞ ለአሳታሚው በኢሜል ላኩት፣ የገጹን ቁጥርና የትኛው እትም እንደሆነ ጨምራችሁ። መልስ ባይሰጧችሁም በሚቀጥለው እትም ተስተካክሎ ሊወጣ ይችላል።